መዝገቡን ከእጁ የነጠቅሁበት ቀን

የሬዲዮ ሠራተኛ አድርጎ የቀጠረኝ ራሱ የሰፈራ ጣቢያችን ኃላፊ ነው። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ሲጠይቅ እጄን አወጣሁ፤ ጽሕፈቴን አይቶ "ነገ ጀምሪ" አለኝ። አላወቀኝም። እኔ ግን ከአውቶቡስ ከወረድንበት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ከወሎ አምጥተው አሶሳ አጠገብ ያራገፉን ቀን፣ አጎቴን ወደ ሌላ መንደር ሲወስዱባት እናቴ የኃላፊውን ኮት ይዛ ለመነችው። እጇን መንጭቆ አስለቀቀና ዓይን ዓይኗን እያየ ስሟን ከመዝገቡ ሰረዘው።

"ይህች ሴት የዚህ ጣቢያ አይደለችም። ከቀበሌዋ ሁለት ምስክር ታምጣ።"

ምስክር የሚሆኗት ሁሉ ከወንድሟ ጋር ሄደዋል። ክረምት ገባ፤ መንገዱም ተቆረጠ። መዝገብ ላይ ለሌለ ሰው ስንዴ አይሰፈርለትምና የእኔንና የታናሽ እህቴን ድርሻ ለሦስት ተካፈልነው። እህቴ ወባውንም ረሃቡንም አንድ ላይ አልቻለችም። መስከረም ሳይጠባ ቀርከሃው ሥር ቀበርናት። የእናቴ ስም የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ነገሩን ለእግዚአብሔር ሰጠችው፤ እኔ አልሰጠሁትም።

አሶሳ የምስጥ አገር ነው፤ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ሆኖ እንኳ አይተርፍም። ስለዚህ የየመንደሩ መዝገብ ቅጂ ከተማው ዋና ቢሮ እንዲቀመጥ ታዞ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በሬዲዮ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስም በስም ያነብ ነበር። እኩሌታው ጋ ሳይደርስ ባትሪው ይደክማል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው። የኋለኞቹ ገጾች አሶሳ ደርሰው አያውቁም። ኃላፊውን ይህ መጓተት ተስማምቶታል። መዝገቡ አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ሰውን አለ ወይም የለም የሚለው እሱ ነዋ። የምበቀለው በዚህ በኩል እንደሆነ ገባኝ።

አሶሳ በኩል የሚቀበለኝ ሠራተኛ አማርኛን ገበያ ላይ የለመዱ የበርታ ሰው ነበሩ።

"አባባ፣ የተጻፈውን ለምን ደጋግመን እናነባለን? ትናንት ካቆምንበት እንቀጥል፤ ካለቀ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ልንገርዎ" አልኳቸው።

"እህቴ፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ስም ረጅም ነው፤ ባትሪ ይጨርሳል።"

ለየቤተሰቡ ቁጥር ሰጠን። አንዴ ሁሉንም በየቀኑ እየቆራረስኩ ላክሁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ብቻ በቁጥር እጠራለሁ። በየገጹ መጨረሻ የሰዉን ድምር እንነጋገራለን። ድምራችን ከተለያየ ያንን ገጽ ብቻ እንደግማለን። ኃላፊው "ምን እየሠራሽ ነው?" ሲለኝ "ባትሪ እየቆጠብኩ ነው፣ ጓድ" እለው ነበር።

በበጋ ሣሩ ሲነድ እሳቱ የቢሮውን ክዳን ያዘ። የሬዲዮው ጎጆ ራቅ ያለ ስለነበር ተረፈ፤ መዝገቡ ዐመድ ሆነ። በማግስቱ ኃላፊው ሕዝቡን ሰበሰበ።

"ምዝገባው እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁሉም ከቀበሌው ሁለት ምስክር ይዞ ይቅረብ። ያልተመዘገበ ስንዴ አያገኝም።"

ያንኑ ቃል ነው የደገመው። ደሜ ፈላ፤ ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌ ተናገርኩ።

"ጓድ፣ ቅጂው አሶሳ አለ።"

"በሬዲዮ ተነብቦ እስኪያልቅ ክረምት ይገባል" ብሎ ሳቀ።

ከሳቀ በኋላ ማንም እንዳይከለክለኝ ሕዝቡ ፊት ሥራ ጀመርኩ። የጣቢያው ትራክተር ሾፌር ባትሪው እንዳይደክም ሬዲዮውን ከትራክተሩ ጋር አያይዞ ሞተሩን አስነሳልኝ። የሚያዘገየን ሬዲዮው ሳይሆን የሚጽፈው እጅ መሆኑን ቀድሜ አስተውዬ ነበር። ስለዚህ ሦስት ጸሐፊዎች አስቀመጥኩ። እኔ የሰማሁትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ አንዱ አንዱን ቤተሰብ ሲጽፍ ቀጣዩ ለሌላው ይዘጋጃል። ሕፃናት ያሉባቸውን አስቀደምን። ግማሹ ገና እየመጣ ሳለ መጋዘን ጠባቂው የተጻፈውን አይቶ ከፈተና ስንዴ መስፈር ተጀመረ።

ኃላፊው እየተንደረደረ መጣ። "አቁሚ። ሬዲዮው ለአስቸኳይ መልእክት ይፈለጋል።"

መነጋገሪያውን ተጭኜ፣ "አሶሳ፣ ጓድ ኃላፊው ሥራው ይቁም እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?" አልኩ።

የማላውቀው የአለቃ ድምፅ መጣ። "የሚያስቆመው ማን ነው? ራሱ ይናገር።"

መነጋገሪያውን ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

የእናቴ ቁጥር ሲደርስ ስሟን ከሁሉም አስበልጬ ጮክ ብዬ ደገምኩ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ይህን ስም እርስዎ አንድ ጊዜ ሰርዘውታል። እህቴ በዚያ ክረምት ሞተች" አልኩት። ያን ጊዜ አወቀኝ፤ ማወቁንም ፊቱ ላይ አየሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ቤተሰብ ተጻፈ።

ብዙ ሳይቆይ ከሬዲዮው አንስቶ ወፍጮ ቤት መደበኝ። ግን ሌሎቹ መንደሮችም እንደኛ እንዲልኩ ታዘዙ፤ እሱም ሲያልፍ ከመቀመጫው የሚነሳለት ሰው ጠፋ። እናቴ "በቃሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፈርዳል" ትለኝ ነበር። "ይፍረድ፤ እኔ ጀምሬለታለሁ" እላታለሁ።

ወደ ሌላ ጣቢያ ሲዛወር ዝናብ ነበር። የጫነው መኪና ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ "ግፉ እንጂ" አላቸው ወንዶቹን። ከደጃፉ የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ከጋቢናው ወርዶ በዚያ ባማረ ጫማው ጭቃውን ረግጦ ከሾፌሩ ጋር ሲገፋ፣ እኔ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ዱቄቴን እያራገፍኩ ቆሜ አየሁት።