ጠርሙስ የለበሰው ዶቃ

አፀደ የካ ሚካኤል አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት የመስታወት ዶቃ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። ሙያውን ያስተማሯት አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሴ ናቸው። ባለቀለም የመስታወት ዘንጎችን በእሳት አጣብቃ ጎትታ ታቀጥናለች፤ ሲበርዱ እንደ ካሮት ስትከትፋቸው እያንዳንዷ ቁራጭ አበባ ይዛ ትወጣለች። አበባዎቹን ዶቃው ላይ ለጥፋ፣ በጠራ መስታወት ሸፍና፣ ትኩስ አመድ ውስጥ ታሳድረዋለች። እስካሁን ተሰንጥቆ የተመለሰባት የለም።

በዚህ ወር ግን አሠሪዋ፣ የቤቱ ባለቤት ጌድዮን በጠራው የጣሊያን ዘንግ ፈንታ የአረቄ ጠርሙስ ስብርባሪ በጆንያ አምጥቶ ዘረገፈላት። ሽታው ገና አልለቀቀውም።

«ይኼ ከአበባው ጋር አይስማማም» አለችው። «ሲግሉ ይጣበቃሉ። ሲበርዱ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ይኮማተርና ይሰነጠቃል።»

«እትዬ ደግሞ! ማን አጉሊ መነጽር ይዞ ሠርግ ይሄዳል?»

«የጣሊያን ነው ብለህ አይደል የምትሸጠው?»

«አበባው የጣሊያን ነው። ልብሱ ያገር ቤት ይሁንለት!» ብሎ በገዛ ቀልዱ ተንከተከተ።

ሳቁ አንገሸገሻት። ሆኖም ሠራችው፤ አያት ኮንዶሚኒየም ለምትኖር ጵርስቅላ ለምትባል ሙሽራ አርባ ፍሬ ያለው የአንገት ዶቃ። ጠርሙሱ እሳት ላይ አረፋ ሲደፍቅ የበሽተኛ ምራቅ ይመስላል። ከጠርሙሱ ይልቅ የገዛ እጇ አስጠላት።

ማክሰኞ ሙሽራዋ መጣች። ጌድዮን ዶቃውን አንገቷ ላይ እያሰረ «ንጹሕ የጣሊያን ሥራ ነው» ሲላት አፀደ አላስቻላትም።

«ቆይ የኔ ልጅ። ውሸት ነው። ልብሱ የአረቄ ጠርሙስ ነው፤ ስምንቱ ከአሁኑ ተሰንጥቀዋል፣ ሌላውም ይከተላል። እስቲ በጥፍርሽ ዳስሺው።»

ጵርስቅላ ዳሰሰችው። ጥፍሯ ስንጥቁ ላይ ተያዘ። የጌድዮን ፊት ጠቆረ። አፀደ ልጅቷ በጥሳ ፊቱ ላይ እስክትወረውርለት ጠበቀች።

ልጅቷ ግን ስልኳን አውጥታ ራሷን አየች። «ፎቶ ላይ ይታያል እንዴ?»

«በፍጹም!» አለ ጌድዮን።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? አንድ ቀን ነው'ኮ እትዬ! እንዲያውም ስንጥቁ አንቲክ ያስመስለዋል። ለሚዜዎቼም አምስት ይሠራልኝ።»

«ሰሙ አይደል እትዬ?» አለ ጌድዮን፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

አፀደ ምራቋ መረራት። ጋዙን ዘጋች፤ ሽርጧን ፈትታ ክንዱ ላይ ጣለችለት።

«አምስቱን ራስህ ሥራ።»

በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ወደ ልጅቷ ነበር።

«ስታወልቂው ቀስ በይ፤ አንገትሽን ይቆርጥሻል።»