የአራተኛው ጠዋት ፊርማ

ሰቆጣ የታሰርኩበትን ክፍል መጀመሪያ ያወቅሁት በእግሬ ነው። ከቀትር ፀሐይ ገብቼ ዐይኔ ጨለማውን ሳይለምድ፣ ባዶ እግሬ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎም የሰው ቁርጭምጭሚት ረገጠ። «ግድ የለም፣ ተቀመጥ» አለኝ አንድ ድምፅ። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን፤ ምናልባትም አሥራ ስድስት። ኮሌጅ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቄ ነበር። ከዚህ ሌላ ምክንያት የነገረኝ የለም።

በሳምንቱ ካቦ አደረጉኝ። ካቦ የክፍሉ ተጠሪ ነው፤ የመኝታ ቦታ ይደለድላል፣ የውኃ ተራ ያስጠብቃል፣ ከጠባቂዎች ጋር ይነጋገራል። በየጠዋቱ ከቆጠራ በኋላ መዝገብ ይቀርብለትና «ሁሉም ደኅና ነው» ከሚለው መስመር ሥር ይፈርማል። ለዚህ ውለታው በሩ አጠገብ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይተኛል። እኔም እዚያ ተኛሁ።

ጎረቤቶቼ ሁለት ነበሩ። አንዱ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ማኔጅመንት በርቀት ይማር ስለነበር ሚስቱ ሞጁሉን ከምሳው ጋር አስገብታለታለች፤ ተማሪው እንለዋለን። ሌላው ከጋዝጊብላ የመጡ አዛውንት ገበሬ ናቸው። እኔ ካቦ ከሆንኩ በኋላ ነው ያመጧቸው። ሲያዙ ተመትተው ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ቅል አብጦ ነበር። የቤታቸው ቋንቋ ኽምጣና በመሆኑ አማርኛውን እየመዘኑ ይናገራሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪው ሞጁሉን ዘርግቶ «መምህር፣ እነዚህ ሦስቱ ይምታቱብኛል» አለኝ። ማኔጅ፣ አድሚኒስተር፣ አሲስት።

የማስተምርበት ቦታ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ማኔጅ ከጣሊያንኛ የመጣ እንደሆነ፣ ሥሩ እጅ እንደሆነ፣ ድሮ ፈረስን ይዞ መግራት ማለት እንደነበር ነገርኩት። አድሚኒስተር ላቲን ነው፤ ውስጡ የተቀመጠው ሰው አገልጋይ ነው። ሚኒስትር የሚለውም ከዚያው የተወለደ ነው፤ አገልጋይ፣ ከሌላው ያነሰ ማለት ነው።

«ቀስ በል» አለ ተማሪው ወደ በሩ እያየ። «ይህንንም ክስህ ላይ እንዳይጨምሩልህ።»

ሁሉም ሳቁ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም። «ሦስተኛውስ?»

«አሲስት መርዳት ነው፣ አባቴ። መነሻው ግን አጠገብ መቆም ነበር።»

«እንግዲያ ፈረንጅም ደቦ ያውቃል» አሉ። «እኛ ዘንድ ደቦ የጠራ ሰው ተቀምጦ አይበላም። መሬቱ የእሱ ነው፤ ግን ጠላውን እየቀዳ ሲዞር ይውላል። የደከመ ካየ ማጭዱን ተቀብሎ ያጭድለታል። የሚበላው ሁሉም ከጠገበ በኋላ ነው።» ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አንተስ መምህር፣ ካቦ ነህ። ምን ስትቀዳ ሰነበትክ?»

«እሱማ ፊርማ ይቀዳል» አለ ተማሪው።

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀብኝ።

በማግስቱ፣ ካልተሳሳትኩ በማግስቱ፣ መዝገቡን ይዞ የመጣው የእስር ቤቱ ኃላፊ ራሱ ነበር። ጎብኚዎች ከበላይ እየመጡ እንደሆነ ነገረን። በቆጠራው ላይ አዛውንቱ ግድግዳ ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩና ተመልሰው ተቀመጡ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። «ሁሉም ደኅና ነው» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት፤ ከሥሩም «አንድ ሰው መቆም አይችሉም፤ ሐኪም ያስፈልጋቸዋል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ኃላፊው አነበበው። «የእጅ ጽሑፍህ ያምራል» አለ። «አስተካክለው።»

«የጻፍኩት ያየሁትን ነው።»

«ነገም ካቦ መሆን አትፈልግም?»

«አልፈልግም።»

ገጹን ሊቀድደው አልቻለም፤ የመዝገቡ ገጾች ተራ ቁጥር ነበራቸው። ጎብኚዎቹ አይተውት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ግን አዛውንቱን ሁለት ጠባቂዎች ደግፈው ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። እኔ ወደ ሽንት ባልዲው አጠገብ ተዛወርኩ፤ ምግብ እንዳይገባልኝም ታዘዘ። ተማሪው ምሳውን ሳልጠይቀው ለሁለት ከፈለው።

ከተፈታሁ በኋላ ይህን ታሪክ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ባለፈው ዓመት አዛውንቱን ሰቆጣ ገበያ አገኘኋቸው፤ በከዘራ ይሄዳሉ። ከሰላምታ በኋላ ያን ጠዋት ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር ብል ውሸት አይሆንም።

«እንዴት እረሳዋለሁ» አሉ። «በፊት የፈረምክባቸውንም ሦስት ጠዋቶች አልረሳሁም። ያኔም ጉልበቴ ይኸው ነበር።» በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም። ቀጥለው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።

የእኔ ትዝታ ሦስቱን ጠዋቶች ጥሏቸው ነበር። ቆጥሬ ላረጋግጥ ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም። እሳቸውን አምናለሁ፤ ጉልበቱ የእሳቸው ነበርና። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ስናገር ከሦስቱ እጀምራለሁ። አሁን የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። «ችግር የለም» የሚል ወረቀት እንድፈርም ሲቀርብልኝ እስክሪብቶውን አስቀምጬ እነሣለሁ፤ ሄጄም አያለሁ።