ሁለት አሥራ ስምንቶች

በፌዴሬሽኑ ዘመን ከደሴ ተዛውሬ አሰብ ወደብ ስገባ የጥገና ክፍሉ ግምጃ ቤት ጠባቂ ተደረግሁ። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው መብራት ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነበር።

በዚያ በጋ የወደቡን የመጠጥ ውኃ የሚስበው ሞተር ተቃጠለ። የክፍሉ አለቃ አስመራ ላይ ከጣሊያኖች ጋር ሠርተው ያረጁ ባለሙያ ነበሩ። የተቃጠለውን ሽቦ ፈትተው ጣሉና «ያንኑ ቁጥር አሥራ ስምንት ሽቦ አምጣ» አሉኝ። የድሮው ጥቅል ሊያልቅ ጥቂት ክንድ ስለቀረው፣ አዲስ ከገባው ዕቃ 18 የሚል አንስቼ ሰጠኋቸው። ሞተሩ በአዲሱ ሽቦ ተጠቅልሎ ተነሳ፤ በማግስቱ ጨሰ። እንደገና ጠቀለሉት፤ እንደገና ነደደ።

«ያዘዝኩህን አልሰጠኸኝም!» አሉኝ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

«ጌታዬ፣ ቁጥሩን ይዩት፤ አሥራ ስምንት ነው።»

«ታዲያ እኔ ነኝ ሥራ የማላውቀው?»

ግምጃ ቤት ገብቼ ሁለቱን ሽቦዎች አስተያየኋቸው፤ ለዓይን አንድ ናቸው። የድሮውን ሽቦ እርሳስ ላይ አሥር ዙር አጠጋግቼ ጠመጠምሁና በማስመሪያ ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር። አዲሱን ለካሁ፤ አሥር! ደገምሁት። ያው ነው። የጥቅሎቹን ጽሑፍ ሳነብ የድሮው የእንግሊዝ፣ አዲሱ የአሜሪካ ሥራ ነው። ለካ ሁሉም በየአገሩ ውፍረትን የሚቆጥርበት የራሱ ቁጥር አለው! ቀጭኑ ሽቦ ሸክሙን አልቻለም።

እርሳሱን ይዤ ወደ አለቃው ሮጥሁ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በጥፍራቸው ዳሰሱት።

«እኛ የተማርነው በሚሊ ሜትር ነው» አሉ። «እንግዲያው ከአሜሪካው ከፍ ያለ ቁጥር፣ ሃያውን አምጣ።»

«የለም ጌታዬ፤ ሁሉንም ለክቻለሁ። ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል። የሚሆነን አሥራ ስድስቱ ነው፤ እንዲያውም ከእንግሊዙ ትንሽ ይወፍራል።»

«ትንሹን ለኔ ተወው፤ ጠቅጥቄ አስገባዋለሁ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ተጠቅልሎ ሲያልቅ ሞተሩ ተነሳ። አንድ ቀን ሠራ፤ ሁለት፣ ሦስት፤ ሳምንት ሞላው። ወዛደሮቹ ቧንቧው ሥር ራሳቸውን እያራሱ ሲስቁ አለቃው በሰው ሁሉ ፊት እጄን ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

«ስሙኝ! ከዛሬ ጀምሮ እሱ ሳይለካ ሽቦ የሚነካ የለም!»

ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ፤ አሰብ በሙሉ የኔ መሰለኝ።