ባለ ጦሯ ሴት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ሰልፍ የበዛበት፣ አስለቃሽ ጭሱ ካርቱም እስከ ሳጃና ሰፈር የሚደርስበት ጊዜ ነበር። እዚያ የሥዕል ፍሬም እሠራ ነበር። የያዙኝ ሱቄ ውስጥ፣ ሙጫው እጄ ላይ ሳይደርቅ ነው።

የታሰርኩበት ክፍል ጠባብ ነበር። አሥራ አንድ ሆነን በየተራ እንቀመጥ ነበር። ከቀትር በኋላ ግድግዳው ስለሚፋጅ መደገፍ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሱዳናዊት መምህርት አሮጌ የፈረንጅ ኅትመት ፍሬም አድርግልኝ ብላ አመጣች። የራስ ቁር የደፋች፣ ጦር የያዘች ሴት፤ እግሯ ሥር ወንዶች ወድቀዋል። "የጥንት ግሪኮች ጥበቡንም ጦርነቱንም ለሴት አምላክ ነበር የሰጡት" አለችኝ። ሰልፈኞቹ ሴቶች ይዘውት እንዲወጡም ፎቶ ኮፒ አስነስታ እኔ ዘንድ አስቀመጠች።

በተያዝኩ ማግስት ጠዋት መርማሪው መኮንን ከሱቄ የወሰዷቸውን ኮፒዎች ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው።

"ያ ሐጅ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ማን ሰጠህ? ስም ጥራና ቤትህ ግባ። አለዚያ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን ቀድጄ ድንበር ላይ ነው የምጥልህ።"

"ሥዕል የሚያመጣ ሁሉ ስሙን አይነግረኝም" አልኩ። ዋሸሁ።

እስክሪብቶ ወረወረልኝ። "እንግዲያው ፊቷን አጥቁር! ሴት ወንድ ረግጣ!"

ጎንበስ አልኩ። ሴትዮዋ በጎን ስለተሣለች የሚታየው አንድ ዓይኗ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባለ አንድ ዓይን ሰይጣንና ከሐዲ ነው፤ ጻድቅ ሁለት ዓይኑን ከፍቶ ፊት ለፊት ያያል። ከአፍንጫዋ ወዲያ ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩላት። በሌላው ወረቀትም ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ መኮንኑ አየኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"በእኛ ዘንድ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው።"

በጥፊ አጮለኝ። እስክሪብቶውን ቀማኝ፤ ስም ግን አላገኘም።

ወለል የምትወለውል የወሎ ልጅ በሩ ላይ ሆና አይታ ኖሯል። ለክፍላችን ውሃ ስታመጣ ጠጋ ብላ፣ "አባባ፣ ሸውራራ አደረጓት እኮ!" አለችኝ። ሳቅሁ፤ የተሰነጠቀው ከንፈሬ አመመኝ።

"መምህርቷ ታውቃለች፣ መያዝዎን?"

"ተይ ልጄ፣ አንቺንም ይይዙሻል።"

"እሱን ለእኔ ይተዉት። የት ናት?"

ለመኮንኑ የነፈግሁትን ስም ከነሰፈሩ ለእሷ ሰጠኋት። በሁለተኛው ቀን ውሃ ስታቀብለኝ "ከከተማ ወጥታለች፣ አልሐምዱሊላህ" ብቻ ብላ አለፈች። ከዚያ ወዲያ የመጣው ዱላ ሁሉ ቀለለኝ።

በመጨረሻ ስም ሳያገኙ ለቀቁኝ። ዛሬ ግራ ጆሮዬ በደንብ አይሰማም። ፍሬም ግን እሠራለሁ። የመምህርቷን ስም አሁንም አልጽፍም። የወሎዋን ልጅ ስም ግን፣ ያንን ሥራ ስለተወች፣ ፈቃዷን ጠይቄ እጽፋለሁ። ዘሀራ ትባላለች።