ቤቱ ሰው አለው

አያቴ በርጩማቸውን በብብታቸው ሳይሸጉጡ ከቤት አይወጡም ነበር። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ ቀበሌያችን ለችግረኛ የመደበው ቤት ባለተራው ዕቃውን ጭኖ እስኪመጣ ድረስ ለሹም ዘመድ ሊሰጥ ይችል ነበር። ስለዚህ አያቴ የሠፈሩን ሴቶች አስተባብረው ባዶውን ቤት በተራ ያስጠብቁ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ደጃፉ ላይ የሚቀመጡት ግን ራሳቸው ነበሩ። የቀበሌው ሰው መጥቶ "እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?" ሲላቸው "ቤቱ ሰው አለው" ይሉታል። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

እኔ ቀናተኛ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ ዓመት ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ በዓል፣ ጉዱማሌ ሜዳ ሊወስዱኝ ቃል ገብተውልኝ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ ስጠብቃቸው፣ እሳቸው ሰው ቤት ደባል ሆና ልጆቿን ለምታሳድግ አንዲት መበለት የተመደበውን ቤት ሲጠብቁ ዋሉ። መበለቷ ቤቷን አገኘች። እኩያዬ የሆነችው ልጇም ከዚያን ቀን ጀምሮ "አያቴ" ትላቸው ጀመር። እሳቸውም "ወዬ" ይሏታል። ያችን "ወዬ" እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

በአያቴ ለቅሶ ላይ ያቺው ልጅ፣ አሁን ትልቅ ሴት ሆና፣ ከእኔ ይልቅ ጮክ ብላ አለቀሰች። ድንኳኑ ሞልቶ ስለነበር በራችን ላይ ባለው በአያቴ በርጩማ ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዝኳት።

"ሰው አለው" አልኳት።

ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም በወዲያ በኩል።