ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል

እኔ በአሥራ አምስት መስመር የጻፍኩትን ኮድ ጓደኛዬ በሦስት መስመር ጽፋ ስታሳየኝ «ጎበዝ» እላታለሁ፤ ከልቤ ግን አይደለም። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልሞክርም። ሁለታችንም የምንኖረው ምሥራቅ የሚባለው ሰፈር ነው። በአንድ ባጃጅ ፒያሳ እንወርድና ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮድ ቋንቋ የሚያስተምሩን ጋሼ ጠባብ ቢሮ እንገባለን። የጀመርነው በአንድ ቀን ነው። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ጋሼ በየግላችን ትንሽ ላይብረሪ እንድንሠራ አዘዙን። ላይብረሪ ሲባል ትልቅ ነገር አይደለም፤ ደጋግመው የሚያስፈልጉ ጥቃቅን ሥራዎችን የሚሠሩ ፋንክሽኖች የተሰበሰቡበት ፋይል ነው። አንዱ ፋንክሽን ከዝርዝር ውስጥ የተደገመ ስም ያወጣል፤ ሌላው ቁጥሮችን በቅደም ተከተል ያሰልፋል። እንዲህ ያለው ኢንተርኔት ላይ ተሠርቶ ሞልቷል፤ እሳቸው ግን «ራሳችሁ ካልጻፋችሁት አይገባችሁም» ባይ ናቸው። ከሁለታችን የተሻለው ለአዲስ ተማሪዎች ማስተማሪያ እንደሚሆንም ነገሩን። ያ ፋይል የእኔ እንዲሆን ፈለግኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የእሷ እንዳይሆን የበለጠ ፈለግኩ።

የመጨረሻው ፋንክሽን የእኛን ሰዓት ወደ ኮምፒዩተሩ አቆጣጠር የሚቀይር ነበር። የሌሊቱን ጋሼ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የቀኑ ቀላል ይመስላል፤ ስድስት መደመር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስምንት ይሆናል፣ ከቀኑ ዘጠኝ ደግሞ አሥራ አምስት። እኔም እንደዚያው ጽፌ ዘጋሁት። ከሁለት ቀን በኋላ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ብሞክረው አሥራ ስምንት ብሎ ቁጭ፤ ጎህ ሲቀድ የነበረውን ምሽት አደረገው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀኔን ከአሥራ ሁለት ስቆጥር ኖሬ፣ ያ አሥራ ሁለት ለኮዱ ዜሮ መሆን እንዳለበት አላሰብኩም ነበር። አስተካከልኩና ከመስመሩ በላይ «አሥራ ሁለትን እንደ ዜሮ ቁጠር» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑንም ጨመርኩ። ለውጥ ስናደርግ ቀን እንድንጽፍ ጋሼ ያስገድዱን ነበር።

በሳምንቱ የእሷን መረጡ። ጥርሴን ነክሼ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

«አንተ ስህተት አያመልጥህም» አለችኝ። «ነገ ለተማሪዎቹ ሳላሳይ የሰዓቱን ፋንክሽን እይልኝ፤ እሱ ብቻ ነው ያላመንኩት።»

አየሁላት። እኔ መጀመሪያ እንዳደረግኩት ስድስት ብቻ ደምራ ትታዋለች። የተሰማኝ ደስታ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያስጠላኛል፣ ያኔ ግን ደስታ ነበር።

«ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» አልኳት።

«ተባረክ» አለችኝ።

በማግስቱ አዲሶቹ ተማሪዎች የጋሼን ቢሮ ሞልተዋል። ጋሼ ምሳሌ ፈልገው «አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆቹ ከሐይቁ የሚመለሱት ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከኋላ አንዷ «ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል» አለች። ጓደኛዬ አስገባችው። በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ 18:30 ወጣ።

«በማታ ነው እንዴ የሚመለሱት?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

እሷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ስሜን ትጠራለች ብዬ ጠበቅኩ። «የእኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ» ብቻ አለች።

«እስቲ ያንተን አምጣ» አሉኝ።

ከፈትኩትና ያንኑ ሰዓት አስገባሁ። 6:30 አለ። ስንት ቀን የተመኘሁት ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼም ደስ ብሏቸው «እንዴት እንዳሰበው እንይ» አሉና ኮዱን ግድግዳው ላይ አወጡት። ማስታወሻዬ በትልቁ ተነበበ፤ ቀኑም ከአጠገቡ። እሷ ፋንክሽኗን እይልኝ ካለችኝ ቀን በሳምንት ይቀድማል። ሌላው መስመሩን ሲያነብ እሷ ቀኑን ስታነብ አየኋት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ይሠራል ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጋሼ ዛሬም በእኔ ፋይል ያስተምራሉ። እሷም አላኮረፈችኝም፤ አብረን እንሳፈራለን፣ እንስቃለን፣ ኮዴ ላይ ስህተት ካየች ወዲያው ትነግረኛለች። የእሷን እይልኝ ብላ ግን ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።