አብሾ ያልጠጣው ልጅ

ወረታ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ አንድ የቄስ ልጅ ተማሪዬ ነበር። ተረት ሲያወራ ክፍሉን በሳቅ ያፈርሰዋል፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ግን አፉ ይተሳሰራል። «እሱ ቀለም አይዘልቀውም» ይላል የሒሳብ መምህሩ፣ ልጁ እየሰማ።

አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ ትምህርቱን ተከታተልኩ። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ «ሰባትን በስምንት አባዙ፣ ስድስት ቀንሱ፣ ለአምስት አካፍሉ፣ አራት ደምሩ!» አለ በአንድ ትንፋሽ። መንገዱ ከመስኮቱ ሥር ነውና መሀል ላይ አይሱዙ ጡሩምባውን ነፋ። ልጁ «ሃምሳ ስድስት፣ ሃምሳ ስድስት» እያለ በሹክሹክታ ይዞ ነበር። ቀጥሎ የተባለውን ሲያስብ ሃምሳ ስድስቱም ጠፋው። በእፍኙ ውሃ በያዘ ልጅ ላይ ባልዲ ሙሉ ደፍቶ «ለምን አፈሰስክ?» ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው? መምህሩ ግን «ወንፊት!» አለው። ክፍሉ ሳቀ፤ የእኔ ደም ፈላ።

ለርዕሰ መምህሩ ብነግረው «እንግዲያ አዝለሽ አስተምሪው» አለኝ።

በሳምንቱ አባትየው የሩዝ ማሳው ጭቃ ከእግራቸው ሳይደርቅ መጡ። በደብራቸው የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ የኔታ ናቸው።

«ልጄን ለጥቂት ቀን ልወስደው ነው» አሉ። «ጭንቅላቱ አይዝም ብላችኋል አሉ። አብሾ ላጠጣው።»

አብሾ! አእምሮ ይከፍታል እየተባለ ለተማሪ የሚሰጠው መድኃኒት! ገበያው ዳር ለብቻው ሲያወራ የሚውለውን ጎልማሳ በከተማው የማያውቀው የለም። እሱንም ትምህርት እንዲይዝ ብለው ነው ያጠጡት።

«የኔታ፣ እርስዎ ውዳሴ ማርያምን በቃል ሲሰጡ ሙሉውን ባንድ ጊዜ ነው?»

«ኧረ ምን በወጣው! ጥቂት ጥቂት ነው እንጅ። ያ ሳይጸና ሌላ አልሰጥም።»

«እኛ ግን ሁሉንም ባንዴ ነው የምንጭንበት! ልጅዎ ምንም አልሆነም!»

ቄስ ላይ መጮሄ አሳፈረኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እስከ ፈተናው እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። «እሽ፣ ልታገሥ» አሉ።

ከዚያ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተጣላሁ። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ካልጻፍክ፣ አንዱ ሳይሠራ ሌላውን ካስከተልክ እኔ ክፍል አትገባም አልኩት። እያጉረመረመ ጻፈ። ልጁ በፈተናው ከክፍሉ ጎበዞች ተርታ ገባ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደስታዬን ሳልጨርስ የሒሳብ መምህሩ «አጠጥተውታል!» አለ። «አብሾ ባይቀምስማ ከየት ያመጣዋል?» ሁሉም በእሽታ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ አልጠጣም ብዬ ብምል ማን ይስማኝ!

በማግስቱ አንዲት እናት ሴት ልጇን ይዛ የክፍሌ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ቲቸር፣ ያ የቄሱ ልጅ የጠጣው አብሾ ከየት ነው የሚገኘው? እችም ትምህርት አልይዝ ብላ ተቸግሬ ነው።»

ልጅቱ ከኋላዋ ቆማ ትሰማለች።